የብርቄ የጸሎት አደራ

ዲላ አጠገብ ካለችው ከሰፈራችን ከጪጩ ወደ ደቡብ አፍሪካ የወጣሁበትን ማታ እንዲህ ነበር ብሎ መንገር ይከብዳል። የእማዬ የጸሎት ጓደኞች "እንጸልይላት" ብለው መጥተው ሳሎናችንን ሞሉት። እኔን መሐል አንበረከኩኝና ከፊሎቹ ጭንቅላቴ ላይ፣ ከፊሎቹ ትከሻዬ ላይ፣ ቦታ ያጣችው ደግሞ ክርኔ ላይ እጇን ጭና ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፃቸውን ለቀቁት። እኛ ጋ የሚጸለየው እንዲህ ነው፤ ጴንጤ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልሆናችሁም በአጥር ማዶ ሰምታችሁናል። ተራ መጠበቅ የለም፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ አብሮ ይነሳል። እማዬ በጌዴኦኛ፣ ሌሎቹ በአማርኛ፣ አንዷ ደግሞ በለቅሶ ብቻ ጸለዩልኝ።

እኔ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ይኸው ነው የኔ ጸሎት። ሁሉ ሲጮህ የኔን ዝምታ ማን ይሰማዋል? በዚያ ጫጫታ መሐል ተንበርክኬ ስለ ጫማ አስቤያለሁ፣ ስለማገባው ስለ ተስፋዬም አስቤያለሁ፤ ወደ ጌታ ግን አንድ ቃል ከራሴ አውጥቼ አላውቅም። ለምን ብትሉኝ፣ በቤታችን ጸሎት የእማዬ ሥራ ነበር። እንሰት መፋቅ አስተምራኛለች፣ ቆጮ መጋገርም አስተምራኛለች፤ ጸሎቱን ግን ራሷ ትጨርሰዋለች። ፈተና ሲደርስ "እማዬ ጸልዪልኝ"፣ ጥርሴን ሲያመኝ "እማዬ ጸልዪልኝ"፣ ተስፋዬ ከደቡብ አፍሪካ ሽማግሌ ሲልክም "እማዬ ጸልዪበት"። ጪጩ በሙሉ የሚያስጸልያት ሴት ቤት ውስጥ እያለች እኔ ምን አገባኝ?

ጸሎቱ አልቆ ሰው ወደ ምግቡ ሲዞር እትዬ ብርቄ ክንዴን ይዛ ወደ ጓሮ፣ ወደ አቮካዶው ዛፍ ሥር ወሰደችኝ። እትዬ ብርቄ የእማዬ የልብ ወዳጅ ናት፤ ባሏ ሲሞትባት ከሬኮ መጥታ እኛ ሰፈር የተከራየች፣ ሳቂታ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት። ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ኢዮብ የሚባል። ሬኮ ቡና ማጠቢያው ላይ ይሠራ ነበር፣ ከዚያ እሱም እንደ ሌላው ደቡብ አፍሪካ ገባ። ሱቁ ከተስፋዬ ሱቅ ዝቅ ብሎ በታችኛው መንገድ ነው። በነጠላ የተቋጠረ ቡላ ለኢዮብ ብላ ሰጠችኝ።

"መሲ፣ ቡላውን ብትረሺው አልቀየምሽም" አለችኝ። "ይሄን ግን እንዳትረሺ። በየቀኑ ለኢዮብ ጸልዪለት። ስሙን ጠርተሽ።"

"አንቺ እየጸለይሽለት አይደል እንዴ እትዬ?"

"እኔማ እጸልያለሁ። ግን ከዚህ እዚያ በመሐል ስንት አገር አለ! አንቺ አጠገቡ ነሽ፤ ካጠገብ የተጸለየ ይፈጥናል።"

አሁን ይሄን ፓስተራችን ቢሰማ በሳቅ ይፈነዳል። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ "አደራ በምድር፣ አደራ በሰማይ" አለችኝ። አደራ ሲባል እምቢ የሚል አፍ የት ይገኛል? "እሺ" አልኳት። መጸለይ የማትችል ሴት የሰው ልጅ በጸሎት አደራ ተቀብላ ጎህ ሲቀድ ወደ ሞያሌ የሚሄድ መኪና ውስጥ ገባች።

የመንገዱን ጣጣ እናንተም ከሌላ ሰምታችሁታል፣ አልደግመውም። አንዷን ብቻ ልንገራችሁ። የሞያሌው ደላላ "ኬንያ ውስጥ ፖሊስ ካስቆመን አንድ ቃል እንዳትተነፍሱ፣ ዲዳ ናችሁ እላለሁ" ብሎ አስጠነቀቀን። እውነትም አንድ ሆዳም ፖሊስ አስቆመን።

"ይቺ ማናት?" አለ በእንግሊዝኛ።

"እህቴ ናት፣ ዲዳ ናት" አለ ደላላው።

"እሱስ?"

"እሱም ዲዳ ነው።"

"ከኋላ ያሉትስ?"

"እነሱም።"

ፖሊሱ ባትሪውን ፊታችን ላይ እያዞረ ቆየና "ኢትዮጵያ ውስጥ የሚናገር ሰው የለም እንዴ?" ሲል አጠገቤ ያለው የሆሳዕና ልጅ ሳቁ አመለጠው። ደላላው ከፖሊሱ ጋር ወርዶ ተነጋግሮ ተመለሰ፣ ሄድን። እንዲህ እያልኩ ኬንያን በሙሉ አፌን ዘግቼ አለፍኩ። ታንዛኒያ ጫካ ውስጥ ያሳደሩን ጊዜ ስልካችንን ሰብስበውት ስለነበር እማዬን ጸልዪልኝ ማለት አልቻልኩም። ሌላው ሁሉ ይጸልያል፣ እኔ "እማዬ ሳልነግራትም ትጸልያለች" ብዬ ነጠላዬን ተከናንቤ ተኛሁ።

ተስፋዬ ጋ ስደርስ ያገኘሁት ሱቅ ሳይሆን እስር ቤት ነው የመሰለኝ። እነሱ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር፣ ባንኮኒው ፊት ወፍራም ፍርግርግ ብረት አለ፣ ዳቦውንም ሳሙናውንም በጠባብ ቀዳዳ ነው የምንሰጠው። ጪጩ ጓሯችን ውስጥ ወድቆ ሰው የማያነሳውን አቮካዶ እዚያ አንድ በአንድ እንደ እንቁላል ደርድረን እንሸጠዋለን። እኛ አገር ዝናቡ በሚወርድበት በሰኔና በሐምሌ እዚያ ደረቅ ብርድ ነው፣ አጥንት የሚገባ። ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አላቸው፤ ጥሩ ነው፣ ያጠግባል፣ ግን ቆጮ ለበላ ሰው አፍ ውስጥ ምንም ሳይናገር የሚያልፍ ነገር ነው። ሰላምታቸው አጭር ነው፣ እኔ የከብቱን የጎረቤቱን ደህንነት ጠይቄ ቀና ስል ሰውየው ሄዷል።

የስደተኞች ቢሮ የሄድኩ ቀን ደግሞ አንዲት ሠራተኛ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ። አስተርጓሚው የኛው አገር ሰው ነው፣ ብዙ ስለሰማ የሰለቸው።

"በእምነትሽ ምክንያት ተሳደድሽ ወይ እያለችሽ ነው" አለኝ።

"እኔ? ኧረ በጭራሽ! እኛ ጋ መንገድ ዘግተን ነው የምንጸልየው፣ ማን ይነካናል?"

አስተርጓሚው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እህቴ፣ የማልተረጉመውን አትናገሪ።"

ከዚያ እሱ ለሴትየዋ ብዙ ነገር ነገራት፤ እኔ ካልኩት አራት እጥፍ የሚረዝም። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ወረቀቱን ግን ሰጡኝ።

የቤቱ ባለቤት ጎጎ ኖምሳ ይባላሉ። ጎጎ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ከኋላ ባለው ክፍል ይኖራሉ፣ ሱቁን ያከራዩን እሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድ ተስፋዬ፣ ኢዮብና ሌሎች የኛ ልጆች ተሰብስበው ሲጸልዩ ጎጎ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው መጥተው በሩን በከዘራ ይመቱታል።

"አምላካችሁ ጆሮው አይሰማም?"

"ይሰማል ጎጎ" ይላል ተስፋዬ።

"ታዲያ ምን ያስጮኻችኋል? እኔ ሰማንያ ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ ነው ያወራሁት፣ አልተቀየመኝም። በሚቀጥለው ወር ለጩኸቱ ኪራይ እጨምራለሁ!"

ሱቁን ከተስፋዬ ጋር በሽርክና የያዙት ጋሽ በላይ በዚህ ጊዜ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ጋሽ በላይ የዲላ ከተማ ሰው ናቸው፣ ጨርቅ ነጋዴ የነበሩት አባታቸው ከመንዝ የመጡ፣ ማዕተባቸውን ከአንገታቸው የማያወልቁ ኦርቶዶክስ። ጠዋት ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞረው በዝግታ ይጸልያሉ። "የናንተን ጸሎት ሰይጣን ቢሰማው ራሱን ያመዋል" ይሉናል። "የናንተንስ? እንቅልፍ ይወስደዋል" ይላቸዋል ኢዮብ። ዲላ ሆነን ቢሆን በዚህ እንኳረፍ ነበር። እዚያ ግን ማን ከማን ጋር ይኳረፋል?

እኔ ደግሞ የራሴን መላ አገኘሁ። በየጠዋቱ እማዬ ትደውላለች፣ ስልኩን ድምፁን ከፍቼ የሩዝ ጆንያ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ እማዬ ትጸልያለች፣ እኔ ዳቦ እሸጣለሁ። ደንበኛው ቀዳዳው ላይ አጎንብሶ "ራዲዮ ነው?" ይላል። "አዎ፣ የኛ አገር ራዲዮ ነው" እለዋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ሴቶቹ ሁሉ እማዬ ቤት ይሰበሰባሉ። ድምፄ እንዲጎላ ስልኩን ብርጭቆ ውስጥ ከትተው መሐል ያስቀምጡታል፣ እኔ የጸሎት ርዕሴን እናገራለሁ፣ እነሱ ይጸልዩበታል። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የእትዬ ብርቄ ጎርናና ድምፅ ይመጣል። "መሲ፣ አደራዬስ?" "አለ እትዬ፣ እየጸለይኩ ነው።" ከንፈሬ እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር።

ያወቀብኝ ራሱ ኢዮብ ነው። የእናቱን ቡላ አብስዬ አብረን ልንበላ ስንቀርብ "የጸሎት እናት ልጅ፣ በይ ባርኪልን" አለኝ። "አንተ ባርክ" አልኩት። በሌላ ቀንም እንዲሁ። በሌላም። አንድ እሑድ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣

"መሲ፣ አንቺ መጸለይ አትችይም አይደል?" አለኝ።

"ምን አገባህ?" አልኩት።

"እማዬ እኮ በየቀኑ ‘መሲ እየጸለየችልህ ነው’ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሌባ ሱቄን ሰብሮ በገባ ቁጥር ‘ይቺ ልጅ ዛሬ ረስታኝ ነው’ እላለሁ።"

እየሳቀብኝ ነው፣ ግን እንባዬ መጣ። እውነቱን ነገርኩት። ቃሉ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ እማዬ ስትጸልይ እንደ ወንዝ ነው፣ እኔ ስጀምር የመጀመሪያው ቃል ላይ እቀራለሁ አልኩት። ኢዮብ ስልኩን ከኪሱ አወጣና፣

"እኔ ቃል አልፈልግም" አለ። "ለእማዬ ስልክ ስደውል መጀመሪያ ምንድን ነው የምለው? ‘አለሽ?’ ነው። ከዚያ የት እንዳለሁ እነግራታለሁ። ‘ሱቅ ነኝ፣ ብርድ ነው፣ እንጀራ አምሮኛል።’ ከዚያ የፈለግኩትን እጠይቃለሁ። ጌታንም እንደዚያው ነው። አለህ? በይው። ያለሽበትን ንገሪው። አጠገብሽ ማን እንዳለ ንገሪው። የማታውቂውን ቃል አትጨምሪ።"

"ይሄ ጸሎት ነው?"

"እስካሁን መስመሩ ተዘግቶብኝ አያውቅም።"

ሞከርኩት። ዕቃ ሳጥብ "አለህ?" እላለሁ፣ አፍራለሁ፣ አቆማለሁ። ስለ ራሴ መናገር ስስት መሰለኝ፤ ስለ ኢዮብ ስጀምር ደግሞ እሱ ራሱ እየሳቀ ይታየኛል። ነገ እጀምራለሁ እያልኩ ሰነበትኩ።

እንዲህ እያለን ሰፈሩ ከፋ። የውጭ አገር ሰው ሱቁን ዘግቶ ይውጣ የሚሉ ወጣቶች ዱላ ይዘው በየመንገዱ መዞር ጀመሩ። ትናንት በቀዳዳው በኩል ከረሜላ የሸጥኩለት ልጅ ዛሬ አይቶኝ ፊቱን ያዞራል። ተስፋዬ "ያልፋል፣ ሁልጊዜ ያልፋል" እያለ ባኪ በሚሏት ፒካፕ መኪናው ዕቃ ማመላለሱን አላቆመም።

ያ ቀን ሐሙስ ነበር። ተስፋዬ በጠዋት ወደ ጅምላ መጋዘኑ ሄደ። ረፋዱ ላይ ጎጎ ኖምሳ ከኋላ በር እየሮጡ መጡ፤ እሳቸው ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። "ዝጉ! እየመጡ ነው። ትልቁን መንገድ ዘግተዋል" አሉ። ጋሽ በላይ መዝጊያውን ወረወሩት። ሱቁ ጨለመ። ባሌ ይሄንን ሳያውቅ በዚያው በትልቁ መንገድ ነው ዕቃ ጭኖ የሚመጣው። ደወልኩ፣ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አያነሳም። ለእማዬ በድምፅ ላክሁ፦ "እማዬ፣ መንገድ ዘግተውበታል፣ ተስፋዬ መንገድ ላይ ነው፣ ጸልዩለት፣ አሁኑኑ ለተስፋዬ ጸልዩ!" መልእክቱ እንደሄደ መብራቱ ጠፋ፣ ከመብራቱ ጋር ኔትወርኩም ሄደ።

ከውጭ ፉጨትና ዘፈን ይሰማል፣ እየቀረበ። ጋሽ በላይ መሐል ላይ ቆመው ይሽከረከራሉ።

"ምሥራቅ በየት ነው?" አሉኝ።

"እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ!"

"በዚህ አገር ፀሐይዋ ራሷ በሰሜን በኩል ነው የምትዞረው፣ አሳሳተችኝ እኮ!" በመጨረሻ ወደ ማቀዝቀዣው ዞረው ቆሙና አባታችን ሆይ ጀመሩ። መሐል ላይ ጠፋቸው። እንደገና ጀመሩ። እዚያው ቦታ ጠፋቸው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚሉትን ጸሎት ፍርሃት ከአፋቸው ነጠቃቸው። ላባቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ የጴንጤ ልጅ! እናንተ በቃል የተያዘ አያስፈልጋችሁም፣ ከሆዳችሁ አይደል የምታወጡት? በይ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

መዝጊያው ላይ የመጀመሪያው ድንጋይ አረፈ። ተንበረከክሁ። የሚጮህ የለ፣ የምደበቅበት የለ፣ እማዬ የለች። "አለህ?" አልኩ፣ በጌዴኦኛ። ከዚያ መጣ። "ሱቅ ውስጥ ነኝ። ጨለማ ነው። ጋሽ በላይ አጠገቤ ናቸው፣ ፈርተዋል፣ እኔም ፈርቻለሁ። ተስፋዬ መንገድ ላይ ነው። ወደዚህ አታምጣው፣ አስቁመው፣ መኪናውን አበላሽበት፣ እግሩን እሰረው፣ ብቻ ወደዚህ አታምጣው። እነዚህን ሰዎች ከበራችን አንሳቸው። የትም ይሂዱ፣ ከዚህ ብቻ ይሂዱ።" ስጸልይ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው፤ ከእማዬ ድምፅ ጋር አይመሳሰልም፣ የኔ ነው። ከገበያ ቃል በቀር ጌዴኦኛ የማያውቁት ጋሽ በላይ በየመሐሉ "አሜን፣ አሜን" ይሉ ነበር።

ከዚያ ከውጭ የጎጎ ኖምሳ ድምፅ መጣ። ወንበር አውጥተው በራፋችን ላይ ተቀምጠዋል። "ይሄ ቤት የኔ ነው! አያታችሁን አቃጥላችሁ እለፉ!" ይላሉ። ጭቅጭቅ ሆነ፣ ስድብ ሆነ፣ ከዚያ ጩኸቱ ከበራችን ራቀ። ወደ ታች ወረደ። ጋሽ በላይ ወለሉ ላይ ተዘረፈጡና እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔ "ሰማኝ፣ ሰማኝ" እላለሁ። ያዳነን ጎጎ ናቸው ወይስ ጸሎቱ ብዬ አልጠየቅኩም፣ ማን ይጠይቃል በዚያ ሰዓት!

ከሰዓት በኋላ ተስፋዬ በእግሩ መጣ። ፖሊስ መገንጠያው ላይ አስቁሞት፣ ስልኩን መኪናው ውስጥ ትቶ በጓሮ በኩል ዞሮ ነው የመጣው። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አልላቀቅም አልኩ። አመሻሹ ላይ ኔትወርኩ ሲመለስ ለእማዬ "ተስፋዬ ደህና ደርሷል፣ ጌታ ይመስገን" ብዬ ላክሁ። መልእክቱ ከሄደ በኋላ ነው ተስፋዬ "ኢዮብን ልየው" ብሎ ወደ ታችኛው መንገድ የወረደው።

ሲመለስ ፊቱን አይቼ አወቅሁ። ሰዎቹ ከኛ በር ተነስተው የወረዱት ወደ እነ ኢዮብ መንገድ ነው። ሱቁን ሲያቃጥሉበት በኋላ በር ወጥቶ ሲሮጥ ደረሱበት። በቃ። ከዚህ በላይ አልጽፈውም፣ እናቱ የምታነበው ነገር ነው።

ከጩኸቱ በኋላ ያቺ "የትም ይሂዱ" ያልኳት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ጋሽ በላይ "ልጄ፣ እግዚአብሔር እንዲህ አይደለም፣ ያንቺን ቃል ይዞ ሰው የሚገድል አምላክ የለም" አሉኝ። እኔም አውቃለሁ። ማወቅ ግን አያስተኛም።

ተስፋዬ ጪጩ ላሉት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ደውሎ ነገራቸው። እንደምታውቁት መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የእትዬ ብርቄን በር አንኳኩተው ሊነግሯት ተስማሙ፤ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል፣ እማዬም እንዳትሰማ፣ ምክንያቱም የእማዬ ፊት ምንም አይደብቅም።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት። ላነሳው አልፈለግሁም።

"አንሺው" አለኝ ተስፋዬ። "ካላነሳሽ ይጠረጥራሉ።"

"መሲዬ! ጌታ ይመስገን!" አለች እማዬ። ከኋላዋ እልልታው ቀለጠ። "ሁላችንም አለን፣ ለምስጋና ነው የተሰበሰብነው። ብርጭቆ ውስጥ ነሽ፣ ምስክርነትሽን እንስማ!"

ጸሎቱ የተሰማለት ሰው ቆሞ ይመሰክራል፤ ደንቡ ነው። ተስፋዬ እንዴት እንደዳነ ነገርኳቸው፣ በአጭሩ። ድምፄ ይቆራረጣል፣ እነሱ ግን ደስታ ነው ብለው እልል ይላሉ። ከዚያ ያ ጎርናና ድምፅ መጣ።

"መሲ! ትናንት ጸሎቱን ማን እንደመራ ታውቂያለሽ? እኔ ነኝ! ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ለተስፋዬ ለተስፋዬ ስል ዋልኩ። የኢዮብን ስም እንኳን አልጠራሁም እኮ፣ እሱን መሲ አጠገቡ ሆና ይዛልኛለች አልኩ።" ሳቀች። "የእሱ ስልክ ግን አይሠራም። መብራት ነው አይደል?"

"አዎ እትዬ። መብራት ነው።"

"በይ እንግዲህ አሁን ለእሱ ጸልዪለት። እኔ ስትጸልዪ ሰምቼሽ አላውቅም። እስኪ እንስማሽ።"

ሴቶቹ "በይ በይ" አሉኝ። ተስፋዬ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ጆንያው ላይ ተቀምጧል። ጋሽ በላይ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ሆነው "ዝጊው፣ ኔትወርክ ጠፋ በይ" እያሉ በእጃቸው ያመለክቱኛል። እኛ ጋ ለሞተ ሰው አይጸለይም። እነ ጋሽ በላይ ፍትሐት አላቸው፣ ከሞተም በኋላ የሚሉለት አላቸው፤ እኛ የለንም። ኢዮብን በሕይወት እንዳለ አድርጌ "ጠብቀው" ልበል? ለሰው መዋሸት አንድ ነገር ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ጌታ ሆይ፣ አለህ?" አልኩ። ከሴቶቹ ማንም አብሮኝ አልጮኸም። "እኔ ሱቅ ነኝ። ተስፋዬ እዚህ አለ። እማዬ ቤቷ ናት። እትዬ ብርቄ አጠገቧ ተቀምጣለች። እትዬ ብርቄን ያዝልኝ። ጉልበቷን ያዝ። ደግ ናት፣ ለሰው ስትጸልይ የራሷን ትረሳለች፣ አንተ አትርሳት። ዛሬ እንቅልፍ ስጣት። ብቻዋን አትተዋት። ነገ ጠዋት በሯ ሲንኳኳ አብረሃት ሁን፣ አንተ ቀድመህ ግባ..."

ያልኩትን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ስልክ የሴቶቹን ትንፋሽ ሳይቀር ያመጣልኝ ነበር፣ ትንፋሹም ቆመ። እማዬ "ውይ" አለች፣ በቀስታ።

"መሲ" አለች እትዬ ብርቄ። "ነገ ጠዋት በሬን የሚያንኳኳው ማነው?"

ተስፋዬ ተነስቶ ስልኩን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ። እጁን ገፋሁት።

"እትዬ ብርቄ" አልኳት፣ "እዚሁ ነኝ። አልዘጋም።"